ለማጥለቅ የሚቀል ኮምፕረሽን ስቶኪንግ ስለ መንደፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካልሲውን ከሚያደርጉ፣ ለሌላ ሰው ከሚያጠልቁና ከሚነድፉ ሰዎች ዘወትር የሚነሡ ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው ተደርድረዋል።

ኮምፕረሽን ስቶኪንግ ከተራ ካልሲ በምን ይለያል?

ተራ ካልሲ እግርን ይሸፍናል፤ ኮምፕረሽን ስቶኪንግ ግን በተመጠነ ኃይል ይጨምቃል። ሥራው ደም መልስ የሚባሉትን ሥሮች ከውጭ ደግፎ፣ ወደ ልብ መመለስ ያለበት ደም ታች እንዳይጠራቀም ማገዝ ነው። ጤናማ ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲቆም ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ በደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት የሚለካበት አሃድ) ይደርሳል፤ መራመድ ሲጀምር የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ስለሚገፋው ወደ 30 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። በሥሮቹ ውስጥ ያሉት፣ ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚዘጉት ቫልቮች ሲደክሙ ግፊቱ በሚገባው መጠን አይወርድም፤ እብጠት፣ የቆዳ መጥቆር፣ አልፎም በቀላሉ የማይድን ቁስል ይከተላል።

በተለመደው አሠራር ካልሲው ቁርጭምጭሚት ላይ በብርቱ ይጨምቅና ወደ ጉልበት በወጣ ቁጥር ይላላል። መጠኑ በደረጃ ይከፈላል፤ በጀርመን አከፋፈል አንደኛው ደረጃ ከ18 እስከ 21፣ ሁለተኛው ከ23 እስከ 32፣ ሦስተኛው ከ34 እስከ 46 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። የእንግሊዝና የፈረንሳይ አከፋፈል ከዚህ ስለሚለይ፣ ሁለት ካልሲዎችን ሲያወዳድሩ የደረጃውን ስም ሳይሆን የግፊቱን ቁጥር ማየት ይገባል።

ለማጥለቅ ይህን ያህል የሚያስቸግረው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ተረከዝ፣ ሌላው ሰበቃ፣ ማለትም ጨርቁ ቆዳ ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ኃይል። ከተረከዙ እንጀምር። የአንድ ሰው ቁርጭምጭሚት በቀጭኑ ቦታ ዙሪያው 22 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ከተረከዙ ጫፍ ተነሥቶ በእግሩ ጀርባ ዞሮ የሚመለሰው ዙሪያ ግን 32 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያርፈው የካልሲው ክፍል ሳይወጠር 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ቦታው ላይ ሲያርፍ የሚለጠጠው 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ተረከዙን ሲሻገር ግን 17 ሴንቲ ሜትር መለጠጥ አለበት። ላስቲኩ በተለጠጠ መጠን ኃይሉ በዚያው ልክ ይጨምራል ብለን ብናሰላ፣ ለባሹ ተረከዙ ላይ የሚታገለው ቀኑን ሙሉ ከሚሸከመው ውጥረት ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ከሚጠጋ ኃይል ጋር ነው።

ሰበቃው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ያለው ርዝመት 35 ሴንቲ ሜትር፣ የእግሩ አማካይ ዙሪያ 30 ሴንቲ ሜትር፣ አማካዩ ግፊት 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቢሆን፣ ካልሲው በጠቅላላው እግሩን የሚጫነው ወደ 280 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል ነው። በደረቅ ቆዳና በጨርቁ መካከል ያለውን የሰበቃ መጠን 0.3 ብንወስድ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሽቅብ ለመሳብ 84 ኒውተን ያስፈልጋል፤ ይህም ስምንት ኪሎ ተኩል ዕቃ በጣት ጫፍ ቆንጥጦ ከማንሣት ጋር ይተካከላል። ከገላ መታጠብ በኋላ ቆዳው ርጥብ ከሆነ ሰበቃው በጣም ይጨምራል። ይህን የሚያደርገው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎንበስ ማለት የሚከብደው፣ ጣቶቹ በመገጣጠሚያ ሕመም አልታጠፍ ያሉት አዛውንት ነው።

አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ካልሲ መግዛት አይሻልም?

አይሻልም። የሚቀለው ግፊቱ ስለቀነሰ ነው፤ ግፊቱ ከቀነሰ ደግሞ ካልሲው የተገዛበት ምክንያት ይቀራል። ከዚህም በላይ የሰፋ ካልሲ ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ ከጉልበት በታች ይጠቀለላል፤ የተጠቀለለው ጨርቅ እንደ ገመድ አንድ ቦታ ላይ ያንቃል።

አሁን ያለውን ካልሲ ያለ መሣሪያ በቀላሉ የማጥለቅ ዘዴ አለ?

አለ፤ ንድፍ አውጪም ሊያጠናው የሚገባ ነው። እጅዎን በካልሲው ውስጥ እስከ ተረከዙ ድረስ ያስገቡና የተረከዙን ኪስ ከውስጥ ቆንጥጠው ይያዙ፤ ከዚያም የላይኛውን ክፍል ገልብጠው ወደ ውጭ ያውጡት። አሁን የእግር መርገጫው ክፍል ሳይገለበጥ ውስጥ ቀርቷል። ጣቶችዎን አስገብተው ኪሱ ተረከዝዎ ላይ በትክክል እስኪቀመጥ ይሳቡት፤ የተገለበጠውን ክፍል ደግሞ ትንሽ በትንሽ ወደ ላይ ይመልሱት። እንደ ተራ ካልሲ ጠቅልሎ ማጥለቅ ግን አይሠራም፤ ጥቅሉ የብዙ ዙር ላስቲክ ኃይል አንድ ቦታ ላይ ይሰበስባልና።

ዘዴው የሚቀለው የግፊቱ መጠን ስለተለወጠ አይደለም። የተገለበጠ ጨርቅ ሲመለስ ቆዳው ላይ አይንሸራተትም፤ እየተገለጠ ባለበት ያርፋል። ከላይ ያሰላነው 84 ኒውተን የሚመጣው ጨርቁ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲንሸራተት ነው፤ በዚህ ዘዴ ግን በየቅጽበቱ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግር ሳያብጥ፣ በደረቅ ቆዳ ላይ ማጥለቅ፣ ቅባቱንም ለማታ ማቆየት ድካሙን ይቀንሳል።

ማጥለቂያ መሣሪያዎች እያሉ ካልሲውን ራሱን መለወጥ ለምን አስፈለገ?

መሣሪያዎቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዳቸው ከችግሩ አንዱን ቁራጭ ብቻ ይፈታሉ። የሽቦው ፍሬም ካልሲውን ከፍቶ ስለሚይዝ ለእግር መግቢያ ይሰጣል፤ ሆኖም ካልሲውን ፍሬሙ ላይ መወጠሩ ራሱ ጉልበት ያለው እጅ ይፈልጋል። እግር ላይ ቀድሞ የሚጠልቀው የሚያንሸራትት ከረጢት ሰበቃውን ያስቀራል፤ ካልሲው ከደረሰ በኋላ በክፍቱ የጣት ጫፍ በኩል ተስቦ ሲወጣ ሹልክ የሚልበት ቅለት ያስደንቃል፤ ጫፉ ለተዘጋ ካልሲ ግን ከላይ በኩል የሚወጣ ሌላ ዓይነት ያስፈልጋል። ሸካራ መዳፍ ያለው የላስቲክ ጓንት ከሁሉም ርካሽና ከሁሉም የተናቀ መሣሪያ ነው፤ ጨርቁን በጣት ጫፍ ሳይሆን በመዳፍ እየዳሰሱ ወደ ላይ ለመግፋት ያስችላል፤ ጥፍር ክሩን እንዳይመዝም ይጠብቃል።

መሣሪያ ግን ይረሳል፣ መንገድ ላይ አይያዝም፣ ለመጠቀምም ራሱን የቻለ ልምምድ ይጠይቃል። ቅለቱ ከካልሲው ጋር አብሮ የተሠራ ከሆነ የትም ይከተላል።

ንድፍ አውጪ ሥራውን ከየት ይጀምር?

ከአንድ ሐሳብ ይጀምር፦ ካልሲው በሚጠልቅበት ደቂቃ የሚፈለገው ግፊትና ከጠለቀ በኋላ የሚፈለገው ግፊት አንድ አይደሉም። በሚጠልቅበት ጊዜ ዜሮ ቢሆን የሚጎዳ ነገር የለም። የዛሬው ካልሲ አስቸጋሪ የሆነው ሁለቱን ጊዜያት መለየት ስለማይችል ነው። ነገሩ ከታሪኩም ይታያል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግፊቱ ወደ ላይ እየቀነሰ የሚሄደውን ካልሲ የሠራው መሐንዲሱ ኮንራድ ጆብስት ራሱ የእግር ቁስል ሕመምተኛ ነበር፤ ሐሳቡ የመጣለት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ቆሞ ሕመሙ ሲቀልለት ነው። ውሃ በአንድ ሜትር ጥልቀት ወደ 74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚጠጋ ግፊት ይሰጣል፤ ታች ይበረታል፣ ላይ ይቀንሳል። ገንዳው ይህን ሁሉ የሚሰጠው ምንም ሳያስጎትት ነው፤ ሰውየው ይገባል፣ ግፊቱ ከገባ በኋላ ይመጣል። ካልሲው የገንዳውን ግፊት ወረሰ፤ የገንዳውን ቅለት ግን አልወረሰም።

ከዚህ ቀጥሎ መለኪያ ይምጣ። የቁርጭምጭሚቱን ቀጭን ቦታ፣ የባቱን ወፍራም ቦታ፣ ከጉልበት በታች ያለውን ዙሪያ ሁሉም ይለካል፤ የተረከዙንና የእግር ጀርባውን ዙሪያ ግን ብዙዎች ይዘሉታል። ሁለት ሰዎች ቁርጭምጭሚታቸው እኩል ሆኖ ተረከዛቸው በ4 ሴንቲ ሜትር ሊለያይ ይችላል፤ አንደኛው ያለ ችግር ያጠልቃል፣ ሁለተኛው ካልሲውን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ይረሳዋል።

የሚያንሸራትት ክር መጠቀም ብቻውን አይበቃም?

ያግዛል፤ ነገር ግን ካልሲው በቦታው የሚቆየውም በዚያው ሰበቃ ነው። ከውስጥ በጣም ልስልስ የሆነ ካልሲ እንደወጣ ሁሉ ይወርዳል። ስለዚህ ሰበቃው የትም እኩል መሆን የለበትም፤ ከተረከዙ እስከ ባቱ መጀመሪያ ያለው የውስጥ ገጽ ቢያንሸራትት፣ ከጉልበት በታች ያለው ማሰሪያ ቢይዝ ይመረጣል። የውጩ ገጽ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ እጅ የሚይዘው እሱን ስለሆነ ትንሽ ሸካራነት ይጠቅመዋል። ቀጭንና አንጸባራቂ ሆኖ እንዲያምር የተሠራ ካልሲ ብዙ ጊዜ ከውጭ ለእጅ የሚያሟልጭ፣ ከውስጥ ለቆዳ የሚጣበቅ ሆኖ ይገኛል፤ በእኔ ግምት ከዚህ የባሰ የተሳሳተ አቀማመጥ የለም።

ሌላው መንገድ የላስቲኩን ጠባይ መለወጥ ነው። በናይሎን የተጠቀለለው የላይክራ (ተለጣጭ) ክር ቀጭን ሆኖ አስቀድሞ ብዙ ቢለጠጥ፣ ዙሪያው ከ22 ወደ 32 ሴንቲ ሜትር ሲሰፋ ኃይሉ የሚጨምረው በጥቂቱ ይሆናል፤ ተረከዙ ይቀላል። ዋጋው ግን አለ። ግትር የሆነ ጨርቅ የባት ጡንቻ በእርምጃ ሲያብጥ አይለጠጥለትም፤ በዚህም ግፊቱ በየእርምጃው ከፍ ዝቅ እያለ ደሙን ይገፋል። በቀላሉ የሚለጠጥ ጨርቅ ይህን ምት ያጠፋዋል። ለቀላል እብጠት ልዩነቱ ላይጎዳ ይችላል፤ ለጠና ሕመም ግን በቅለት ስም መድኃኒቱን ማቅጠን ይሆናል።

ዚፕ ለምን አይገጠምለትም?

የተገጠመላቸው አሉ። የመጀመሪያው ችግር ዚፕ የማይለጠጥ መሆኑ ነው፤ በተለጣጭ ጨርቅ መካከል የገባ ግትር መስመር እግር ሲታጠፍ ይቆለመማል፣ ቆዳን ይወጋል። ቁርጭምጭሚቱ አጥንት ላይ ካለፈ ያቆስላል፤ ስለዚህ ከአጥንቱ ፈቀቅ ማለትና ከሥሩ ለስላሳ መከለያ ጨርቅ ማግኘት አለበት።

ሁለተኛው ችግር ብዙም አይነገርም። ዚፕ ጉልበቱን ቦታ ያስለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም። ቁርጭምጭሚት ላይ 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚሰጥ ጨርቅ በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ስፋቱ የ120 ግራም ያህል ክብደት ይሸከማል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ዚፕ ለመዝጋት ግን ሁለቱን ጠርዞች ወደ 3 ኪሎ ተኩል በሚጠጋ ኃይል ማቀራረብ ያስፈልጋል። ጥርሱ ፊት ለፊት ያሉት ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ብቻ ቀድመው የሚቀራረቡበት፣ ለምሳሌ በመንጠቆዎች ረድፍ የሚያዙበት ንድፍ ከሌለ፣ ደካማ እጅ ዚፑን ግማሽ መንገድ ላይ ያቆመዋል። ቢያንስ መሳቢያው ጣት የሚያስገባ ቀለበት ይኑረው።

በቬልክሮ የሚታሰር መጠቅለያስ?

ሁለቱን ጊዜያት በመለየት ረገድ እስካሁን ከተሠሩት ሁሉ የቀደመው ይህ ነው። ጨርቁ ሳይወጠር እግር ላይ ይቀመጣል፤ ማሰሪያዎቹ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ይሳባሉ። እያንዳንዱ ማሰሪያ የሚጠይቀው ትንሽ ጉልበት ነው፤ እብጠቱ በቀኑ ውስጥ ሲቀንስ ለባሹ ራሱ ያጠብቀዋል። ጨርቁ ብዙም ስለማይለጠጥ በእርምጃ ጊዜ የሚፈጥረው ምት ጠንካራ ነው፤ ሲተኙ ደግሞ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ድክመቱ ውፍረቱ ነው፤ ጫማና ጠባብ ሱሪ አይቀበሉትም። ቬልክሮው ብናኝና ክር ይሰበስባል፣ መያዙን ያጣል። ዋናው ጥያቄ ግን «ምን ያህል ልሳበው?» የሚለው ነው፤ ሰው በግምት ሲስብ ግፊቱ ከታሰበው በታች ወይም በላይ ይሆናል። ጥሩ ንድፍ ማሰሪያው ላይ ምልክት ያትማል፤ ሁለት መስመሮች የተወሰነ ርቀት ሲኖራቸው ግፊቱ ደርሷል ማለት ነው።

አንድ ወፍራም ካልሲ በሁለት ስስ ካልሲዎች መተካት ይቻላል?

ይቻላል። የተደራረቡ ካልሲዎች ግፊታቸው በአብዛኛው ስለሚደመር፣ ሁለት 20 የሚሰጡ ካልሲዎች ወደ 40 ይጠጋሉ፤ ለባሹ ግን በአንድ ጊዜ የሚታገለው ከ20ው ጋር ብቻ ነው። ለእግር ቁስል የሚዘጋጁ ጥንድ ካልሲዎችም 10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚሰጠውን ስስ የውስጥ ካልሲ ከ30ው ጋር የሚያጣምሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የውስጠኛው ልስልስ ከሆነ ለውጩ መንሸራተቻ ይሆንለታል፤ የቁስሉን መሸፈኛም ይይዛል፤ ማታ የውጩን ብቻ አውልቆ መተኛትም ይቻላል። የሚያሳጣው ነገር ጊዜ ነው፤ አራት ካልሲ ማጥለቅ ከሁለት ይረዝማል። ሁለት ጊዜ ጎንበስ ማለት ለማይችል ሰውም መፍትሔ አይሆንም።

ቁርጭምጭሚቱ ላልቶ ባቱ ቢጠብቅስ?

ይህ ለዘመናት የተያዘውን ደንብ የሚገለብጥ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በፈረንሳይ በ400 ያህል ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ቁርጭምጭሚት ላይ 10፣ ባት ላይ 23 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚሰጥ ካልሲን ቁርጭምጭሚት ላይ 30 ከሚሰጠው ከተለመደው ዓይነት ጋር አወዳድሮ፣ የተገለበጠው ለማጥለቅ እንደሚቀልና የእግር ሕመምን በማስታገስም እንደማያንስ አሳይቷል። ቅለቱ አያስገርምም፤ ተረከዙን የሚሻገረው ቀለበት ላልቷልና። ደሙን የሚገፋው ዋናው ጡንቻ ያለው ባት ውስጥ መሆኑም ለሐሳቡ ድጋፍ ይሆነዋል። ሆኖም ጥናቱ ስለ ክፍት ቁስል አልነበረም፤ ቁስል ላለበት እግር የተለመደውን ዓይነት በዚህ መተካት የሐኪም ውሳኔ ነው።

ከጠለቀ በኋላ ራሱን የሚያጠብቅ ካልሲ ይቻላል?

በቤተ ሙከራ ተሞክሯል፤ ከችግሩ ጋር ቀድመው የተጋፈጡት ደግሞ የጠፈር ልብስ ነዳፊዎች ናቸው። በአየር ከመነፋት ይልቅ ሰውነትን በቀጥታ የሚጨምቅ ልብስ ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ይለበሳል?» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የሚገኘው የኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲሞቅ የቀድሞ ቅርጹን ከሚያስታውስ የኒኬልና የታይታኒየም ቅይጥ የተሠሩ ጥቃቅን ጥቅልል ሽቦዎችን ተጠቅመው፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው የሚጠብቅ ማሰሪያ አሳይተዋል። ወደ ካልሲ ሲመጣ ግን ሽቦው እንደጠበቀ እንዲቆይ ወይ ሙቀቱ መቀጠል ወይ የሚቆልፈው ነገር መኖር አለበት፤ ባትሪ፣ እጥበትና የቆዳ ሙቀትም አሉ። ስሜቱ በደነዘዘ እግር ላይ የሚሞቅ ሽቦ ማሰር ቀልድ አይደለም።

ማውለቁስ?

ንድፍ አውጪዎች የሚረሱት ይህን ነው፤ ማታ ማውለቅ የማይችል ሰው ጠዋት ማጥለቁን ይተወዋል። ከላይ ገልብጦ ወደ ታች መግፋት ይቀላል፤ ተረከዙ ላይ ሲደርስ ግን የጠዋቱ ትግል በተቃራኒው ይደገማል። ከተረከዙ ኋላ በጨርቁ ላይ የተሠራ፣ ረጅም እጀታ ባለው መንጠቆ የሚያዝ ትንሽ ቀለበት ብዙ ያቀላል፤ ቀለበቱ የሚሰፋው ውጥረቱን በሰፊ ቦታ በሚያከፋፍል መንገድ ነው፤ ያለዚያ በጥቂት ሳምንት ክሩን ይተረትረዋል።

የቀለለ ካልሲ አደጋ አለው?

ለማጥለቅ አስቸጋሪ የነበረው ነገር ሲቀል፣ ማጥለቅ የሌለበት ሰውም ያጠልቀዋል። ደም ቅዳው፣ ማለትም ደም ከልብ የሚያመጣው ሥር፣ ክፉኛ የጠበበበት እግር በቂ ደም ስለማይደርሰው ተጨማሪ ጭመቃ ሕብረ ሕዋሱን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ጠንከር ያለ ካልሲ ከመታዘዙ በፊት የቁርጭምጭሚቱ የደም ግፊት ለክንዱ የደም ግፊት ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ0.5 ሲያንስ ካልሲው አይደረግም። የጠና የልብ ድካም ያለበትና እግሩ ስሜት ያጣ ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

አዲሱ ንድፍ በእርግጥ መቅለሉ በምን ይታወቃል?

በጤነኛ ወጣት እጅ ተሞክሮ «ቀለለ» ማለት ምንም አይናገርም። ሁለት ልኬቶች ጎን ለጎን ይያዙ። አንደኛው ሳቡ ነው፤ ካልሲውን በሚያጠልቀው እጅና በጨርቁ መካከል የመንጠቆ ሚዛን ቢገባ፣ ተረከዙ ላይ የደረሰውን ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል። ሁለተኛው ከጠለቀ በኋላ ቁርጭምጭሚትና ባት ላይ ከጨርቁ ሥር በሚገባ ስስ የአየር ከረጢት የሚነበበው ግፊት ነው። ሳቡ ወርዶ ግፊቱም ከወረደ የተሠራው ቀላል ካልሲ ሳይሆን ደካማ ካልሲ ነው። ሳቡ ወርዶ ግፊቱ ባለበት ከቆየ ሥራው ተጀምሯል፤ ልኬቱም ካልሲው ሠላሳ ጊዜ ያህል ከታጠበ በኋላ ይደገም።

ከዚያ በኋላ ካልሲው በእውነት ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ይሰጥና ዝም ብሎ መመልከት ነው። ምክር አይሰጥም፣ እጅ አይዘረጋም። የመጀመሪያው ቀን ብዙ አያስተምርም፤ በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሰዓት ሲይዙ ግን፣ ካልሲውን ከአልጋው ጫፍ አንሥቶ ተረከዙ እስኪቀመጥ የወሰደው ደቂቃ፣ መሃል ላይ ለማረፍ ያቆመበት ብዛት፣ ኪሱ ወደ ጎን ዞሮ እንደ ገና የጀመረበት ጊዜ ይቆጠራል። ተረከዙ በሚቀመጥበት ቦታ በሌላ ቀለም የተሠራ አንድ ረድፍ ክር ያን መዞር ሊያስቀረው ይችላል፤ ወጪውም ከክሩ ዋጋ ብዙ አያልፍም።